የቱ ይረክሳል? የገበያ ስሌትን በያለእኩልነት ለመፍታት የትኛው ዘዴ ለየትኛው ጥያቄ ይሻላል

«የቱ ጋ ይረክሳል?» ለሚል ሰው የመጀመሪያው መልስ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ስንት ልትገዛ ነው? አምስት ኪሎ ለሚገዛና አንድ ኩንታል ለሚገዛ ሰው ርካሹ ቦታ አንድ አይደለም። የሰፈር ሱቅ እስከሆነ መጠን ድረስ ያዋጣል። ከዚያ በኋላ ራቅ ያለው ትልቁ ገበያ ይሻላል። ቁም ነገሩ ያቺን መቀየሪያ ነጥብ ማግኘት ነው። ትምህርት ቤት «መስመራዊ ያለእኩልነት» እያልን የምንማረው፣ አንዱ ወገን ከሌላው ይበልጣል ወይም ያንሳል የሚለው ስሌት፣ ብዙዎቻችን ከፈተና ማግስት የረሳነው ነገር፣ ሥራው ይኸው ነው።

የመፍቻው መንገድ ግን አንድ አይደለም። በምልክት ጽፎ መፍታት አለ። ቁጥር እየተኩ ሠንጠረዥ መሥራት አለ። ግራፍ መሳልም አለ። አስተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ይወዳሉ። እኔ ደግሞ ጥያቄው ነው ዘዴውን መምረጥ ያለበት እላለሁ። ልጁን የቤት ሥራ የሚያግዝ ወላጅም ሆነ ለራሱ ወጪ የሚያሰላ ሰው ይህን ካወቀ ግማሹ ድካም ይቀራል።

ከመጀመራችን በፊት ስለ ዋጋዎቹ አንድ ነገር ልበል። እዚህ የምጽፋቸው የብር መጠኖች ለስሌት እንዲመቹ የያዝኳቸው ናቸው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የጤፍ ዋጋ ጽፎ ማስቀመጥ ለትዝብት መዳረግ ነው። የዛሬውን ዋጋ ከነጋዴው ጠይቃችሁ በእኔ ቁጥር ቦታ አስገቡት።

ጤፍ ከሰፈር ወይስ ከእህል በረንዳ?

ሰፈር ያለው እህል ቤት አንድ ኪሎ ጤፍ በ155 ብር ይሸጣል እንበል። መርካቶ፣ እህል በረንዳ፣ ያው ዓይነት ጤፍ 140 ብር ነው። በኪሎ 15 ብር ልዩነት አለ። ይህን የሰማ ሰው ጆንያውን ይዞ ይነሳል። ነገር ግን የመሄጃ ታክሲ አለ፣ ተሸካሚ አለ፣ ዕቃውን ይዞ ለመመለስ የሚያዝ መኪና አለ። ድምሩ 450 ብር ይሁን።

የኪሎውን ብዛት «ኪ» እንበለው። ክፍል ውስጥ ኤክስ የሚባለው ነው፤ ኪ ሲሆን ኪሎ መሆኑ አይረሳም።

የሰፈሩ ወጪ፦ 155ኪ
የመርካቶው ወጪ፦ 140ኪ + 450

መርካቶ መሄድ የሚያዋጣው የመርካቶው ወጪ ሲያንስ ነው።

140ኪ + 450 < 155ኪ

ከሁለቱም ወገን 140ኪ ቀንሱ።

450 < 15ኪ

ሁለቱንም ለ15 አካፍሉ።

30 < ኪ

ከ30 ኪሎ በላይ ከሆነ መርካቶ፣ ከዚያ በታች ከሆነ ሰፈር። ልክ 30 ኪሎ ላይ ሁለቱም 4,650 ብር ናቸው፤ ያኔ ሰፈር ግዙና እግራችሁን አሳርፉ። 25 ኪሎ ለመግዛት መርካቶ የሄደ ሰው 3,950 ብር ያወጣል። ሰፈር ቢገዛ 3,875 ነበር። «በርካሽ ገዛሁ» እያለ 75 ብር ከስሯል ማለት ነው። ኩንታል የሚገዛው ግን ከ15,500 ብር ይልቅ 14,450 ብር ከፍሎ 1,050 ብር ይዞ ይመለሳል።

አሁን ስሌቱን መለስ ብላችሁ እዩት። 30 የመጣችው ከየት ነው? 450 ለ15 ሲካፈል። የጉዞ ወጪው ለአንድ ኪሎ የዋጋ ልዩነት ተካፈለ፤ ሌላ ምንም የለበትም። ይህን ከያዛችሁ ወረቀትም አያስፈልጋችሁም፤ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ በጭንቅላት ታሰሉታላችሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ጤፍ በሁለቱም ቦታ እኩል 20 ብር ቢጨምር፣ ሰፈር 175፣ መርካቶ 160 ቢገባ፣ መቀየሪያዋ ነጥብ ያው 30 ኪሎ ናት። «ሰፈር በጣም ተወደደ፣ ካሁን በኋላ መርካቶ ነው» የሚለው ሐሳብ ልዩነቱ ካልሰፋ በቀር መሠረት የለውም። ነጥቧን የሚያንቀሳቅሷት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው። የትራንስፖርቱ ወጪ ወደ 600 ከወጣ 40 ኪሎ ትሆናለች። የኪሎው ልዩነት ወደ 9 ብር ከጠበበ 50 ኪሎ ትደርሳለች።

ብጣሪም አለ። የሰፈሩ ጤፍ ተበጥሮ የቀረበ፣ የመርካቶው ግን ገና የሚበጠር ከሆነ፣ ከመቶ ኪሎ ሦስቱ እብቅና አፈር ሆኖ ቢወጣ የአንዱ ንጹሕ ኪሎ ዋጋ 140 ሳይሆን 144 ብር ከ33 ሳንቲም ነው። ልዩነቱ ወደ 10 ብር ከ67 ሳንቲም ይወርዳል። ነጥቧም ከ30 ወደ 42 ኪሎ ትሸሻለች። ማኛን ከሠርገኛ ጋር ካወዳደራችሁ ደግሞ ያለእኩልነቱ ምንም አይረዳችሁም። መጀመሪያ ዕቃው አንድ ይሁን።

ጎረቤት ካላችሁ መልሱ እንደገና ይለወጣል። ሦስት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 25 ኪሎ ይፈልጋሉ እንበል። ለየብቻቸው ቢሄዱ እያንዳንዳቸው 75 ብር ይከስራሉ። በአንድ መኪና ሲሄዱ ግን 450ው ለሦስት ይካፈልና 150 ይደርሳቸዋል። ከኪሎው ልዩነት 375 ብር ያተርፋሉ፤ 150ው ሲቀነስ ለእያንዳንዳቸው 225 ብር ይቀራል። ተሸካሚው ለሦስት ጆንያ ከአንድ ጆንያ በላይ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ ያንን እዚያው ተደራደሩ።

ድርድር ካነሳን አይቀር፣ ነጋዴው አንዳንዴ ምርጫ ይሰጣል። «ከኪሎው 5 ብር ልቀንስልህ ወይስ ቤት ማድረሻውን 300 ብር ልተውልህ?» ይላል። ያው ማካፈል ነው፤ 300 ለ5፣ 60 ኪሎ። ከ60 ኪሎ በላይ ከገዛችሁ የኪሎው ቅናሽ፣ ከዚያ በታች ከሆነ ማድረሻው ይሻላል። ነጋዴው ይህን ከእናንተ ቀድሞ እንዳሰላው አትጠራጠሩ።

እንዲህ ላሉ ጥያቄዎች፣ ማለትም በአንድ በኩል የመነሻ ወጪ፣ በሌላ በኩል የነጠላ ዋጋ ልዩነት ሲኖር፣ በምልክት መፍታትን የሚያህል ዘዴ የለም። ሁለቱ ወጪዎች አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚገናኙ መልሱ አንድ ቁጥር ነው።

«ቢያንስ» እና «ቢበዛ»

ዘዴ መምረጥ የሚጠቅመው ጥያቄው በትክክል ከተጻፈ ነው። ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ማካፈሉ ላይ አይደለም፤ ዐረፍተ ነገሩን ወደ ምልክት ሲለውጡ ነው። «ቢያንስ 10 ኪሎ ያስፈልገኛል» ሲባል ልጁ ውስጡ «ያንሳል» የሚል ድምፅ ይሰማውና ≤ (ያንሳል ወይም እኩል ነው) ይጽፋል። ትክክሉ ኪ ≥ 10 (ይበልጣል ወይም እኩል ነው) ነው። «ቢበዛ 500 ብር አለኝ» ሲባል ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ትክክሉ ብሩ ≤ 500 ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቃሉን ትታችሁ ቁጥር ጠይቁ። «ቢያንስ 10 ኪሎ» ላለች እናት 12 ኪሎ ቢመጣላት ትቆጣለች? አትቆጣም። ስለዚህ 12 መልሱ ውስጥ መግባት አለበት። 8 ኪሎ ይዞ የመጣ ልጅ ግን መልሶ ይላካል። ምልክቱ ወደየት እንደሚዞር ያን ጊዜ ራሱ ይናገራል።

ሌሎቹን በአጭሩ። «ከ500 ብር የማይበልጥ» እና «እስከ 500 ብር» ≤ ናቸው፤ 500 ራሱ ይገባል። «ከ500 በታች» ከሆነ < ነው፤ 500 አይገባም። «ከ10 ኪሎ ጀምሮ በጅምላ ዋጋ» የሚል ማስታወቂያ ≥ ነው፤ ልክ 10 ኪሎ ለገዛ ሰው የጅምላ ዋጋ ይገባዋል፣ ነጋዴው ቢያንገራግርም።

በነገራችን ላይ የእኩል ምልክት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1557 ሮበርት ሬኮርድ በጻፈው መጽሐፍ ነው። የ«ይበልጣል» እና «ያንሳል» ምልክቶች ግን እስከ 1631 ቆይተዋል፤ ያን ጊዜም የወጡት ባለቤታቸው ቶማስ ሃሪዮት ከሞተ በኋላ በታተመ ሥራው ነው። እኩልነት 74 ዓመት ቀደመ። ገበያ ውስጥ ግን ሁለት ነገር እኩል ሆኖ የሚገኘው ስንቴ ነው?

ተቀናሽ ሲኖርና ቁጥሩ ሳይሞላ ሲቀር

1,000 ብር ይዛችኋል። ዕንቁላል አንዱ 18 ብር ነው። ለታክሲና ለሌላ ወጪ ቢያንስ 300 ብር መትረፍ አለበት። ስንት ዕንቁላል ትገዛላችሁ?

1000 − 18ዕ ≥ 300

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው 1000ን ወዲያ አሻግሮ −18ዕ ≥ −700 ማለትና ለ−18 ማካፈል ነው። ሁለቱን ወገን በኔጌቲቭ ቁጥር ስናካፍል ምልክቱ ይገለበጣል፤ ዕ ≤ 38.9 ይሆናል። ይህችን መገልበጥ የረሳ ተማሪ «ከ39 ዕንቁላል በላይ ግዛ» ይላል፤ ታክሲ የለም ማለት ነው። ሁለተኛው መንገድ ተቀናሹን ራሱን ወደ ቀኝ ማሻገር ነው። 700 ≥ 18ዕ። ምንም የሚገለበጥ የለም። እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛውን እመክራለሁ። ኔጌቲቩን ከመንገድ ማስወገድ ሕጉን ከማስታወስ ይቀላል።

38.9 ዕንቁላል አይሸጥም። 39 ብትገዙ 702 ብር ነው፤ ሁለት ብር ታልፋላችሁ። ስለዚህ 38። ነጥብ ዘጠኝ ቢሆንም ወደ ታች ነው የምናወርደው፤ ሒሳብ ክፍል የተማርነው ማጠጋጋት እዚህ አይሠራም። ወደ ላይ የሚወጣበት ጊዜም አለ። 40 እንግዳ ለያንዳንዱ ሁለት ለስላሳ ከታሰበ 80 ጠርሙስ ነው፤ አንድ ሳጥን 24 ይይዛል። 24ሳ ≥ 80፣ ሳ ≥ 3.33። ሦስት ሳጥን ካዘዛችሁ ስምንት ሰው ሁለተኛ ጠርሙስ አያገኝም። አራት ነው የሚታዘዘው። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ጣራ ሲኖር ወደ ታች፣ ወለል ሲኖር ወደ ላይ።

እንጀራ መግዛት ወይስ ምጣድ መግዛት?

ይህ ከጤፉ ጋር አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ልዩነቱ የመነሻ ወጪው ትልቅ መሆኑ ነው። የተጋገረ እንጀራ 22 ብር ነው እንበል። ቤት ሲጋገር ጤፉ፣ ማስፈጫውና መብራቱ ተደምሮ ለአንድ እንጀራ 15 ብር ይመጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 9,800 ብር ነው።

9800 + 15እ < 22እ
9800 < 7እ
1400 < እ

ከ1,400ኛው እንጀራ በኋላ ምጣዱ ትርፍ ማምጣት ይጀምራል። ይህ ቁጥር ብቻውን ግን ምንም አይነግራችሁም። ቤተሰቡ በቀን 8 እንጀራ የሚበላ ከሆነ 175 ቀን ነው፤ ስድስት ወር አይሞላም። ብቻውን የሚኖርና በቀን 2 የሚበላ ሰው ግን 700 ቀን፣ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በዚያ መሀል ቤት ይቀይራል፣ ምጣዱ ይቃጠላል፣ ወይም ያገባል። የያለእኩልነቱን መልስ ወደ ጊዜ ካልቀየራችሁት ውሳኔ አይሆንም።

ብዙ ቤት ደግሞ ጋጋሪ ትመጣለች። ለእሷ በእንጀራ 4 ብር የሚደርስ ከሆነ ልዩነቱ ከ7 ወደ 3 ብር ይወርዳል፤ ነጥቧ 3,267 እንጀራ ትሆናለች። የ8 እንጀራው ቤተሰብም ከአንድ ዓመት በላይ ይጠብቃል። የነጥቧ ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው በዚህች ትንሽ ልዩነት ነው። እናት ራሷ የምትጋግር ከሆነ ድካሟን ዜሮ ብር ብሎ የሚጽፍ ስሌት አልወድም፤ የሆነ ቁጥር ስጡት።

የጋጋሪዋ ክፍያ 8 ብር ቢሆንስ? ቤት የተጋገረው 23 ብር ደረሰ፣ የተገዛው 22። ያለእኩልነቱን ጻፉት፦

9800 + 23እ < 22እ
9800 < −እ

የእንጀራ ብዛት ከዜሮ በታች ስለማይሆን ይህን የሚያሟላ ቁጥር የለም። ሺህም ጋግሩ፣ መቶ ሺህም ጋግሩ፣ ምጣዱ ወጪውን አይመልስም። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይሄ ነው። ተማሪ እዚህ ሲደርስ «ተሳስቼ ይሆናል» ብሎ ይሰርዛል፤ አትሰርዙ። «መፍትሔ የለውም» ራሱ መልስ ነው፣ እንዲያውም ብዙ ገንዘብ የሚያድን መልስ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ይህንኑ በአባልነት ክፍያ ታውቁታላችሁ። ለአባላቱ ብቻ የሚሸጠው ትልቅ መደብር፣ የኮስትኮ፣ ዝቅተኛው የዓመት አባልነት እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ 65 ዶላር ነው። በአንድ ጉዞ በአማካይ 8 ዶላር የምታድኑ ከሆነ 8ጉ > 65፣ ጉ > 8.125። በዓመት 9 ጊዜ ካልሄዳችሁ አባልነቱ አይመለስም። እዚያ ስትገቡ ያላሰባችሁትን ቴሌቪዥን ይዛችሁ ከወጣችሁ ደግሞ ሌላ ስሌት ነው።

ምርቃት ሲኖር ሠንጠረዥ ይሻላል

ያለእኩልነቱ በቀጥታ የማይሠራበት ቦታ አለ፤ ሱፐርማርኬት። አንዱ «3 ሲገዙ 1 ነፃ» ይላል። ሌላው «20 በመቶ ቅናሽ» ይላል። ፓስታው በሁለቱም 90 ብር ነው። አብዛኛው ሰው «አራት በሦስት ዋጋ ማለት 25 በመቶ ነው፤ ከ20 ይበልጣል» ብሎ የመጀመሪያውን ይመርጣል። ይህ የሚሠራው በአራት በአራት ለሚገዛ ነው። ሌላውስ? ቁጥር እየተኩ ማየት ነው።

4 ፓስታ፦ ምርቃቱ 270፣ ቅናሹ 288። ምርቃቱ ያሸንፋል።
5 ፓስታ፦ 360 እና 360። እኩል።
6 ፓስታ፦ 450 እና 432። ቅናሹ ያሸንፋል።
7 ፓስታ፦ 540 እና 504። ቅናሹ።
8 ፓስታ፦ 540 እና 576። ምርቃቱ።
9 ፓስታ፦ 630 እና 648። ምርቃቱ።
10 ፓስታ፦ 720 እና 720። እኩል።
11 ፓስታ፦ 810 እና 792። ቅናሹ።
12 ፓስታ፦ 810 እና 864። ምርቃቱ።

ከ4 በታች ቅናሹ ያሸንፋል፤ ምርቃት የለምና። አሸናፊው ወዲያና ወዲህ እየተለዋወጠ ይሄዳል። «ከዚህ በላይ ይሄ» የሚል አንድ ነጥብ ፈልጋችሁ ብትፈቱት የተሳሳተ መልስ ታገኛላችሁ፤ ምክንያቱም የምርቃቱ ወጪ ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ነው የሚወጣው። ከ16 ፓስታ ጀምሮ ነው ምርቃቱ ሁሌም የሚያሸንፈው። 16 ፓስታ የሚገዛ ቤት ግን ጥቂት ነው።

ሠንጠረዡ ሌላም ነገር ያሳያል። ምርቃት ባለበት ሱቅ 7 ፓስታ 540፣ 8 ፓስታም 540 ነው። ሰባት ይዞ ካሸር ጋ የተሰለፈ ሰው አንድ ፓስታ ትቶ እየሄደ ነው። 3ና 4፣ 11ና 12ም እንዲሁ። ይህን በምልክት ከመፈለግ ይልቅ ስልክ ላይ ዘጠኝ መስመር መጻፍ ይቀላል። መምህራን «መሞከር መፍታት አይደለም» ይላሉ። እዚህ ግን ከመሞከር የተሻለ የለም።

ለበዓል አትክልት፦ ግራፍ የሚያስፈልግበት

ሁለት የማይታወቁ ነገሮች ሲኖሩ ጨዋታው ይለወጣል። የበዓል ዋዜማ ነው። 1,500 ብር አለ። ቀይ ሽንኩርት ኪሎው 80፣ ቲማቲም 50 ብር። ለዶሮ ወጡ ቢያንስ 8 ኪሎ ሽንኩርት፣ ለሰላጣና ለሌላው ቢያንስ 4 ኪሎ ቲማቲም ያስፈልጋል። ደግሞም የሚሸከመው አንድ ሰው ነው፤ ከ20 ኪሎ በላይ አይችልም።

80ሽ + 50ቲ ≤ 1500
ሽ + ቲ ≤ 20
ሽ ≥ 8
ቲ ≥ 4

አራት ያለእኩልነት አንድ ላይ። አንዱን ፈትቶ ወደሚቀጥለው መሄድ አይቻልም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መሟላት አለባቸው። እዚህ ላይ የካሬ ደብተር ገጽ አውጡ። አግድሙ ሽንኩርት፣ ቁሙ ቲማቲም ይሁን። 8 ላይ ቁም መስመር አስምሩ፤ ከእሱ በስተቀኝ ያለው ነው የሚፈለገው። 4 ላይ አግድም መስመር፤ ከእሱ በላይ። ለሸክሙ አግድሙ ላይ 20ን፣ ቁሙ ላይ 20ን አገናኙ፤ ከእሱ በታች። የቀረው ሦስት ማዕዘን ነው። ጫፎቹ (8፣ 4)፣ (16፣ 4) እና (8፣ 12) ናቸው። በዚያ ውስጥ የገባ ማንኛውም ነጥብ ይሆናል።

የገንዘቡን መስመር አሁን ጨምሩ። አግድሙን 18.75 ላይ፣ ቁሙን 30 ላይ ይነካል። ሳሉትና እዩት፤ ሦስት ማዕዘኑን አይነካውም፣ በውጭ በኩል ያልፋል። በጣም ውዱ ግዢ፣ 16 ኪሎ ሽንኩርትና 4 ኪሎ ቲማቲም፣ 1,480 ብር ነው። ገና 20 ብር ይተርፋል። ቤቱ በሙሉ ስለ ገንዘብ ሲጨነቅ የዋለው በከንቱ ነው። እዚህ የሚወስነው ትከሻ ነው። አንድ ተጨማሪ ልጅ ቢሄድ ወይም ባጃጅ ቢያዝ ነው ነገሩ የሚለወጠው።

ይህን በምልክት ብቻ የሠራ ተማሪ አያየውም። ግራፉ ግን የትኛው ገደብ እንደሚይዝና የትኛው ዝም ብሎ እንደቆመ ወዲያው ያሳያል። ግራፍ ለመሳል ጊዜ ይፈጃል፣ መስመሩ ሲንጋደድም መልሱ ይንጋደዳል። ለጤፉ ዓይነት ጥያቄ ግራፍ መሳል ጊዜ ማጥፋት ነው። ለዚህኛው ግን ተወዳዳሪ የለውም።

ሽንኩርትና ቲማቲም ላይ ዘይት ቢጨመርስ? ግራፉ ከደብተሩ ወጥቶ ሦስት ገጽታ ይኖረዋል። አራተኛው ሲመጣ መሳል አይቻልም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1945 ይህንን ጥያቄ ትልቅ አድርጎ አነሳው። 77 የምግብ ዓይነቶችን ያዘ፤ ካሎሪን፣ ፕሮቲንን፣ ካልሲየምንና ቫይታሚኖችን ጨምሮ ዘጠኝ «ቢያንስ ይህን ያህል» የሚሉ ገደቦችን አስቀመጠ። ከዚያ አንድ ሰው ዓመቱን በስንት ርካሽ መኖር እንደሚችል ጠየቀ። በብልሃትና በሙከራ በ1939 ዋጋ 39 ዶላር ከ93 ሳንቲም አገኘ። የስንዴ ዱቄት፣ የቆርቆሮ ወተት፣ ጥቅል ጎመን፣ ስፒናችና ደረቅ ቦሎቄ ነበር ዝርዝሩ። ጣዕም የሚባል ገደብ አልነበረበትም።

አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ዳንዚግ እ.ኤ.አ. በ1947 ብዙ ያለእኩልነቶችን አንድ ላይ አሟልቶ ርካሹን መልስ የሚያገኘውን፣ ሲምፕሌክስ የተባለውን ዘዴ ሲያወጣ ከተሞከረባቸው የመጀመሪያ ትልልቅ ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር። ኮምፒውተር እንደዛሬው ስላልነበረ ዘጠኝ ሰዎች በእጅ የሚሽከረከር ማስያ ይዘው ሠሩት፤ የሥራ ቀናቸው ሲደመር ወደ 120 መጣ። ትክክለኛው መልስ 39 ዶላር ከ69 ሳንቲም ሆኖ ተገኘ። ስቲግለር በሙከራ ብቻ ደርሶ የሳተው 24 ሳንቲም ነው፣ ለዓመት። የሙከራን ዘዴ የሚንቅ ካለ ይህን ይንገሩልኝ።

ቫት

አጭር ናት ግን ብዙ ሰው ይሳሳትባታል። ዋጋው «ቫት ሳይጨምር» ተብሎ ተለጥፏል። በኪስ ቢበዛ 5,000 ብር አለ። ቫት 15 በመቶ ነው። ብዙዎች ከ5,000 ላይ 15 በመቶ ቀንሰው «እስከ 4,250 የተጻፈበትን መግዛት እችላለሁ» ይላሉ። ቫቱ ግን የሚታሰበው በተለጠፈው ዋጋ ላይ እንጂ በኪሳችሁ ባለው ላይ አይደለም።

1.15ዋ ≤ 5000
ዋ ≤ 4347.8

እስከ 4,347 ብር የተለጠፈበት ዕቃ ይቻላል። የቀነሰው ሰው ወደ 97 ብር የሚጠጋ ምርጫ በራሱ ላይ ዘግቷል። ለዚህ አንድ መስመር ይበቃል፤ ሠንጠረዥም ግራፍም አያስፈልግም።

መልሱን መፈተሽ

በየትኛውም ዘዴ ሥሩ፣ መልሱን ለማመን ከነጥቧ ወዲህና ወዲያ አንድ አንድ ቁጥር ሞክሩ። የጤፉ መልስ 30 ከሆነ 29ንና 31ን አስገቡ። 29 ኪሎ ሰፈር 4,495፣ መርካቶ 4,510። 31 ኪሎ ሰፈር 4,805፣ መርካቶ 4,790። አሸናፊው ተቀይሯል፣ በትክክለኛው አቅጣጫም ተቀይሯል። ሁለቱም ላይ አንዱ ብቻ ቢያሸንፍ ማካፈሉ ላይ ስታችኋል። አሸናፊው ተገላቢጦሽ ሆኖ ከመጣ ደግሞ ምልክቱ ዞሯል፤ ተመልሳችሁ «ቢያንስ» እና «ቢበዛ» የሚሉትን እዩ። ፈተና ላይ ይህ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ነጋዴው ፊት ከሆነም «አንዴ ቆይ» ብሎ ስልክ ማውጣት ነውር የለውም።